ከሰማይ ስለሚታይ አዝመራ፤ የብርሃን ማጣሪያና የብርሃን ተቀባይ ረድፍ በሶፊ ወረዳ እርሻ ላይ ስለሚሰጡት ምስክርነት

አንድ የወረዳ ሹም ስለ አገሩ አዝመራ የሚጽፈው ቃል ቀላል ነገር አይደለም። ዝናብ በጐደለ ጊዜ እህል ለየትኛው ቀበሌ አስቀድሞ እንዲላክ፣ ዘርም ለማን እንዲሰጥ የሚቈረጠው በዚሁ ቃል ነው። ቃሉ የዘገየ ወይም የተሳሳተ እንደ ሆነ ጕዳቱ የሚያርፈው ጥፋት በሌለበት ገበሬ ላይ ነው።

በሐረሪ ክልል ካሉት ሦስት የገጠር ወረዳዎች አንዱ በሆነው በሶፊ፣ ሹሙ እርሻውን ሁሉ ተዘዋውሮ ለማየት ይቸገራል። ማሳው ትንንሽ ነው፤ ማሽላው፣ በቆሎው፣ ኦቾሎኒውና ጫቱም ጐን ለጐን ወይም በአንድ ማሳ ተደባልቆ ይበቅላል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው የሚያየው የመንገዱን ዳር ብቻ ነው። ደግሞም ቅጠሉ ጠውልጎ ለዓይን በታወቀ ጊዜ ጕዳቱ አስቀድሞ ደርሷል። ስለዚህ በዛሬው ዘመን ምድርን የሚዞሩ ሳተላይቶች የሚያነሡት ሥዕል ለሹሙ ሁለተኛ ምስክር ሆኖለታል። ነገር ግን ይህ ምስክር ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ሳይመረመር ቃሉን መቀበል አይገባም።

የፀሐይ ብርሃን ነጭ ይምሰል እንጂ ብዙ ቀለም የተዋሐደበት ነው፤ ይህም በቀስተ ደመና ይታያል። ዊልያም ኸርሸል የተባለው የከዋክብት መርማሪ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1800 ዓ.ም. የፀሐይን ብርሃን ባለ ሦስት ማዕዘን በሆነ መስተዋት አሳልፎ በየቀለሙ ላይ የሙቀት መለኪያ ቢያኖር፣ ከቀዩ አልፎ ምንም ቀለም በማይታይበት ስፍራ መለኪያው ከሁሉ ይልቅ ከፍ ብሎ አገኘው። በዚህም ዓይን የማያየው ብርሃን መኖሩ ታወቀ፤ ኋላም ኢንፍራሬድ ተባለ። የብርሃን ዓይነት የሚለየው በሞገዱ ርዝመት ሲሆን፣ መስፈሪያው ናኖሜትር ይባላል፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። የሰው ዓይን የሚያየው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ያለውን ብቻ ነው።

ለእርሻ ጉዳይ ዋናው ነገር የሚገኘው ከዚህ ወሰን ግራና ቀኝ ነው። በቅጠል ውስጥ ያለው ሐመልማል፣ በባዕድ ቋንቋ ክሎሮፊል የሚባለው፣ ምግቡን ለማዘጋጀት ሰማያዊውንና ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ከአረንጓዴው ግን ጥቂቱን ይመልሳል። ቅጠል አረንጓዴ መስሎ የሚታየን ስለዚህ ነው። ከቀዩ ቀጥሎ ያለውን የማይታይ ብርሃን ግን ጤነኛ ቅጠል በውስጡ አሠራር ምክንያት ግማሹን ያህል ወደ ላይ ይመልሰዋል። ተክሉ ሲጠማ ወይም ሲታመም ሐመልማሉ ይቀንሳል፣ ቅጠሉም ይሳሳል፤ ያን ጊዜ የሚመለሰው ቀይ ብርሃን ይጨምራል፣ የማይታየውም ይጐድላል። ይህ ለውጥ ብዙ ጊዜ ቅጠሉ ቢጫ መሆኑ በዓይን ከመታወቁ በፊት ይጀምራል።

እንግዲህ ይህን ለማየት ብርሃንን በየዓይነቱ የሚለይ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ እርሱም የብርሃን ማጣሪያ ነው። በዝናብ ቀን በመንገድ ኵሬ ላይ የፈሰሰ ዘይት ልዩ ልዩ ቀለም ሲያሳይ ያላየ የለም። ዘይቱ ቀለም ኖሮት አይደለም፤ ከስስ ሽፋኑ ላይና ታች የሚመለሱት የብርሃን ሞገዶች እርስ በርሳቸው ሲገናኙ አንዱን ቀለም ስለሚያጠነክሩ፣ ሌላውን ስለሚያጠፉ ነው። የማጣሪያውም ሥራ በዚሁ ሥርዓት ይሄዳል። በጥሩ መስተዋት ላይ ሁለት ዓይነት ማዕድን እየተፈራረቀ በብዙ ስስ ሽፋን ይለበጣል፤ የእያንዳንዱም ሽፋን ውፍረት ከተመረጠው ሞገድ ሩብ ጋር እንዲስማማ ይደረጋል። በዚህ ዓይነት የተፈለገው ብርሃን ያልፋል፤ ሌላው ተመልሶ ይቀራል።

ከማጣሪያው በስተኋላ የብርሃን ተቀባዮች በረድፍ ተሰልፈው ይገኛሉ። እነዚህ ከሲሊኮን የተሠሩ እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት ሲሆኑ፣ በአንድ ረድፍ በብዙ ሺሕ ይቈጠራሉ። እያንዳንዱ ሕዋስ የወደቀበትን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ ኤሌክትሪኩም ተሰፍሮ ቍጥር ይሆናል። ሲሊኮን ከ1,100 ናኖሜትር ገደማ ያለፈውን ብርሃን መቀበል ስለማይችል፣ የቅጠልንና የአፈርን እርጥበት ለሚገልጠው ረዥም ሞገድ ከሌላ ማዕድን የተሠራና በብርድ የሚጠበቅ ተቀባይ ይደረጋል። ሳተላይቱ ወደ ፊት ሲሄድ ረድፉ ምድሪቱን በአግድም መስመር በመስመር ያነባል፤ ሸማኔ ማጉን እየጨመረ ጨርቁን እንደሚያስረዝም፣ ሥዕሉም እንዲሁ እየረዘመ ይሞላል።

እንዲህ ያለ የምድር ምርመራ ላንድሳት በተባለው በአሜሪካ ሳተላይት በ1964 ዓ.ም. ተጀመረ። አውሮፓውያን በ2007 እና በ2009 ዓ.ም. ያመጠቋቸው ሴንቲኔል 2 የተባሉት ሳተላይቶች ብርሃኑን በ13 ክፍል ይለያሉ፤ በአራቱም ክፍል አንዱ የሥዕል ነጥብ በምድር ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ይሸፍናል። ኢትዮጵያም የመጀመሪያዋን የምድር መመልከቻ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር አስመጠቀች፤ መቈጣጠሪያ ጣቢያዋም በእንጦጦ ተሠራ። የላንድሳትና የሴንቲኔል ሥዕሎች ያለ ዋጋ ይሰጣሉ።

ከሥዕሉ የእርሻን ጤና ለማወቅ የሚደረገው ስሌት አጭር ነው። ከማይታየው ብርሃን ቍጥር ቀዩ ይቀነሳል፤ የቀረውም ለሁለቱ ድምር ይካፈላል። ለምሳሌ ጤነኛ ማሽላ ከመቶው የማይታይ ብርሃን 45፣ ከመቶው ቀይ 5 ቢመልስ፣ 40 ለ50 ሲካፈል 0.8 ይሆናል። የተጠማ ማሽላ 30 እና 12 ቢመልስ 0.43 ገደማ ይወጣል። ባዶ አፈር 25 እና 20 ቢመልስ 0.11 ብቻ ይሆናል።

ሥዕሉ ስለ ውሃም ይመሰክራል። ውሃ የማይታየውን ብርሃን ሁሉንም ያህል ስለሚውጥ ሐይቅ በሥዕሉ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓመታት ደርቆ ነበር፤ ከዓመታት በኋላም ውሃ ተመልሶበታል። በየዓመቱ የተነሡትን ሥዕሎች በተራ አሰልፎ ለሚመለከት ሰው ጥቁሩ ቅርጽ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ መሄዱ ይገለጥለታል። ምስክሩ በየጊዜው ይናገር ነበር፤ ነገር ግን ምስክርነት የሚጠቅመው ሰሚ ሲኖረው ነው።

አሁን ወደ ሶፊ ሲመለሱ ጥንቃቄ የሚፈልገው ነገር ይታያል። 50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ ማሳ በሥዕሉ 25 ነጥብ ብቻ ነው። ከነዚህ 16ቱ በዳር ያሉ ናቸው፤ ነጥቦቹም ከማሳው ወሰን ጋር ትክክል ስለማይገጥሙ የጐረቤት ማሳና የመንገድ አፈር ይገባባቸዋል። ከዚህ የሚበልጠው ስሕተት ግን ከጫቱ ይመጣል። ጫት ዓመቱን ሁሉ ቅጠሉ የማይረግፍ ተክል ነው። በአንድ ነጥብ ውስጥ ግማሹ እንደ ጤነኛው ማሽላ 45 እና 5 የሚመልስ ጫት፣ ግማሹም 30 እና 12 የሚመልስ የተጠማ ማሽላ ቢሆን፣ ተቀባዩ ሁለቱን አደባልቆ 37.5 እና 8.5 ይቈጥራል፤ ስሌቱም 0.63 ይሆናል። በሩቅ ተቀምጦ ይህን ቍጥር የሚያነብ ሰው አገሩ ደኅና ነው ብሎ ያልፋል፤ ገበሬው ግን የዓመት እህሉን አጥቷል።

ደግሞም ሥዕሉ አዝመራው መታመሙን እንጂ የታመመበትን ምክንያት አይናገርም። ዝናብ ጐድሎ፣ አቀንጭራ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ፣ ወይም አገዳ ቆርቋሪ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ታጭዶ የተከማቸ ማሽላ ያለበትም ማሳ በሥዕሉ እንደ ጠፋ እርሻ ባዶ ሆኖ ይታያል። በክረምት ደግሞ ደመና ምድሩን ስለሚሸፍን ገበሬው በሚጨነቅበት ሳምንት ሥዕሉ ሊታጣ ይችላል።

ነገሩ የገንዘብም ጉዳይ ነው። በቦረና ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት ዋስትና በዚህ በአረንጓዴነት መስፈሪያ ተሰጥቷል፤ ለከብት አርቢው የሚከፈለው የሞተው ከብት ተቈጥሮ ሳይሆን ከሰማይ የተለካው ግጦሽ ከተወሰነው በታች ሲወርድ ነው። መስፈሪያው በምድር ካለው ነገር ጋር ባልተስማማ ጊዜ ኪሣራው በአርቢው ላይ ይቀራል። የተደባለቀ እርሻ ባለበት እንደ ሶፊ ባለ አገር የዚህ ዓይነት ስሕተት የበለጠ ያሠጋል።

ስለዚህ የወረዳ ሹማምንትና ባለ ማሳዎች የሚከተለውን ቢፈጽሙ ምስክሩ ይቃናል። አንደኛ፣ የአንዱን ሳምንት ሥዕል ብቻውን ሳይሆን ካለፉት ዓመታት ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ማስተያየት ይገባል። ሁለተኛ፣ በየቀበሌው የተዘራውን የእህል ዓይነት፣ የተዘራበትንና የታጨደበትን ቀን፣ ጫት ከእህል ጋር የተደባለቀበትንም ማሳ በመዝገብ ማስፈር ያስፈልጋል፤ ይህ መዝገብ ከሌለ ቍጥሩን መተርጐም አይቻልም። ሦስተኛ፣ ቍጥሩ በወረደበት ስፍራ ሰው ልኮ ምክንያቱን ማረጋገጥ፣ ቍጥሩ ደኅና ባለበትም ጫት በበዛበት ቀበሌ ማሽላውን ለይቶ ማየት ይገባል። አራተኛ፣ ገበሬው እህሌ ጠፋ ሲል ሥዕሉ አይመሰክርልህም ተብሎ እንዳይመለስ፣ አቤቱታው በማሳው ላይ ይመርመር።

ማጣሪያውና ተቀባዩ ዓይን የማይደርስበትን ያሳያሉ፤ ፍርድ ግን አይሰጡም። ሥዕሉ ሹሙን ወዴት መሄድ እንዳለበት ይመራዋል፤ ሄዶ በማሳው ውስጥ ቆሞ ያየውን በእውነት መጻፍ ግን የሹሙ ድርሻ ነው።