የጤፍ አበባና የሰው ፍላጎት፤ ስለ ሳይንስ ዕርምጃ

በመስከረም ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ በአምበር ሲያልፍ የጤፍ ማሳ ያያል። ይህን ማሳ የጽሑፋችን መነሻ ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። በተማሪዎች ዘንድ ዘወትር የሚነሣ አንድ ክርክር አለ፤ ይኸውም ሳይንስ የሚራመደው የተፈጥሮን እውነት በመከተል ነው ወይስ ኅብረተሰቡ ከፍ አድርጎ የሚያየውን በመከተል የሚል ነው። ሪያሊዝም የሚባለው የፍልስፍና አስተያየት ዓለም ከሰው አሳብ ውጭ ራሱን ችሎ የቆመ ነው ስለሚል፣ የፊተኛውን ወገን ይደግፋል። እኛ ግን ክርክሩን በጤፍ መመርመሩ ይሻላል እንላለን።

ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ነው። ፍሬው እጅግ ደቃቅ ሲሆን 3 ሺሕ ያህሉ ቢመዘን 1 ግራም ገደማ ነው፤ አበባውም እንደዚሁ ዓይንን የሚፈትን ነው። ስለዚህ ለብዙ ዘመን ሁለት የጤፍ ዓይነቶችን በእጅ ማዳቀል አልተቻለም፤ ተመራማሪዎችም ገበሬው ካቆያቸው ዘሮች መካከል ከመምረጥ አላለፉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባው የሚከፈተው በማለዳ፣ 1 ሰዓት ግድም፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ መሆኑን ደረሱበት። እንግዲህ ይህን ሰዓት የወሰነ ሰው የለም። ሚኒስቴር ቢያዝ፣ ምሁር ቢከራከር አበባው በቀትር አይከፈትም፤ በማለዳ መነሣት ያለበት ተመራማሪው ነው።

ነገር ግን የትኛው ዘር ከየትኛው ጋር ይዳቀል የሚለውን አበባው አይነግረንም። «ማኛ» የተባለው ዘር ንጣቱ የተመሰገነ ሲሆን ምርቱ አነስተኛ ነበር፤ «ዱከም» የተባለው ደግሞ ብዙ ያመርታል፣ ንጣቱ ግን አያረካም። ኩንታል ብቻ የሚቆጥር ሰው ዱከም አሸነፈ ይላል። ገበሬው ግን ነጩ በገበያ የተሻለ ዋጋ እንደሚያወጣ፣ ለሠርግና ለክርስትና የሚቀርበው እንጀራም ነጭ እንዲሆን እንደሚፈለግ ያውቃል። በዚህ ጊዜ ገበሬውን አዲስ ነገር አይቀበልም ብሎ መውቀስ ይቀላል፤ እኛም ከዚህ ወቀሳ ንጹሓን አይደለንም። እርሱ ግን ኩንታሉንም ብሩንም አብሮ ያሰላ ነበር። ሁለቱ ዘሮች ተዳቅለው «ቁንጮ» የተባለው ዘር ከደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ፤ ምርትንና ንጣትን አስተባብሮ ስለ ያዘም በሰፊው ተዘራ።

የኅብረተሰብ ግምት ሁልጊዜ ልክ ነው ማለታችን አይደለም። ቀይ ጤፍ ቀድሞ የድኻ እህል ተብሎ ይናቅ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የብረት ማዕድን አለው እየተባለ የከተማ ሰው ይፈልገዋል። ይሁንና በምርመራ እንደ ታየው፣ በጤፍ ውስጥ ከሚገኘው ብረት ቀላል የማይባለው ክፍል በአውድማ ሲወቃ ከአፈር የገባ ነው። ንቀቱም ውዳሴውም በፍሬው ውስጥ ያለውን አልለወጠውም።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ዛሬም አልተዘጋም። የጤፍ አገዳ ረጅምና ቀጭን ስለ ሆነ ዛላው ሲከብድ ይጋሸባል፤ ማዳበሪያ ሲጨመርለት ደግሞ ይብስበታል። መፍትሔው አገዳውን ማሳጠር ይመስላል። ነገር ግን የጤፍ ጭድ ለከብት መኖ ነው፤ ከጭቃ ጋር ተቦክቶም ቤት ይመረግበታል። አገዳው በአንድ ስንዝር ሲያጥር የሚጎድለውን የጭድ ሸክም በምርምር ጣቢያው መዝገብ ላይ ከምርቱ ጎን የሚጽፈው ማን ነው?