ስሙ አንድ፣ ፕሮፋይሉ ሁለት

የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ዶሜይን ውስጥ፣ ማለትም ከሰርቨር በጋራ በሚተዳደር ኔትወርክ ውስጥ፣ በገቡ ማግስት ከሠራተኞች በብዛት የሚሰማው ስሞታ «ፋይሎቼ ጠፉ» የሚል ነው። ሠራተኛው ትናንት በገባበት ስም ዛሬም ይገባል፤ ዴስክቶፑ ግን ባዶ ነው። የጠፋ ነገር የለም። ዊንዶውስ ተጠቃሚን የሚለየው ኤስአይዲ በሚባል ረጅም መለያ ቁጥር እንጂ በስሙ አይደለም። እዚያው ኮምፒውተር ላይ የተከፈተው ሎካል አካውንትና ሰርቨሩ ላይ በአክቲቭ ዳይሬክተሪ የተከፈተው የዶሜይን አካውንት ሞክሼ ቢሆኑም ቁጥራቸው ስለሚለያይ ለዊንዶውስ ሁለት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ «አበበ» የሚል የፕሮፋይል ፎልደር ቀድሞ ካለ፣ ለአዲሱ አበበ የዶሜይኑን ስም ጨምሮበት ሌላ ፎልደር ይከፍታል። የቀድሞው «ዩዘርስ» በሚባለው ፎልደር ሥር ሳይነካ ተቀምጧል።

ይህን የተረዳ ባለሙያ ሰነዶቹን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ገልብጦ ነገሩ ያለቀ ሊመስለው ይችላል። ፕሮፋይል ግን ከሰነዶቹ ሌላ ኤንቲዩዘር ዶት ዳት የሚባል ድብቅ ፋይል አለው፤ የተጠቃሚው ቅንብር የሚቀመጠው እዚያ ነው። ሰውየው ሲገባ ይህ ፋይል ሬጂስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ ላይ ይጫናል። የትኛው መለያ ቁጥር የትኛውን ፎልደር እንደሚጠቀምም ሬጂስትሪው ውስጥ ተመዝግቧል። አንድ ሰው ሃርድ ዲስኩ ሞላ ብሎ ፎልደሩን ብቻ ቢያጠፋ ምዝገባው ይቀራል፤ ሁለቱ ሳይገናኙ ሲቀሩ ዊንዶውስ ተጠቃሚውን በጊዜያዊ ፕሮፋይል ሊያስገባው ይችላል። ከሁሉም የሚያስፈራው ይህ ነው። ማስጠንቀቂያ ይወጣል፤ ሥራ የቸኮለ ሰው ግን ሳያነበው ይዘጋዋል፤ ቀኑን ሙሉ ዴስክቶፑ ላይ ያዘጋጀው ሪፖርትም እሱ ሲወጣ አብሮ ይሰረዛል።

እንግዲህ ጥሩ አስተዳደር የሚባለው ፕሮፋይሉ ቢበላሽ እንኳ የማያስቆጭ እንዲሆን ማድረግ ነው። ምትክ የሌለው ሰነድ እዚያ ውስጥ ብቻውን መቀመጥ የለበትም። ለዚህ ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስቡት ሮሚንግ ፕሮፋይልን ነው፤ ተጠቃሚው ሲወጣ ፕሮፋይሉ ወደ ሰርቨር ይገለበጣል፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲገባ ይከተለዋል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ፕሮፋይሉ እየከበደ በሄደ ቁጥር ግን መግባትና መውጣት ይንቀራፈፋል። ሰውየው በሁለት ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ከገባ፣ ኋላ የወጣበት ቅንብር የፊተኛውን ይሽረዋል። የዊንዶውስ 7 ሮሚንግ ፕሮፋይል ለዊንዶውስ 10 አይሆንም፤ ሰርቨሩ ላይ ለየብቻ ይቀመጣሉ። ፎልደር ሪዳይሬክሽን የተሻለ ነው እላለሁ፤ እንደ ዶክዩመንትስና ዴስክቶፕ ያሉ የተመረጡ ፎልደሮች ብቻ ሰርቨር ላይ እንዲኖሩ ያደርጋል፣ ቀሪው ኮምፒውተሩ ላይ ይቀራል።

ኔትወርክ ሲቋረጥስ? በተለይ መብራትና መስመር በሚቆራረጥበት አገር ጥያቄው ተገቢ ነው። ኦፍላይን ፋይልስ የሚባለው አሠራር የሰነዶቹን ቅጂ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጦ መስመሩ ሲመለስ ያስታርቃል፤ ዊንዶውስም ቀድሞ የገባን ሰው ያለ ሰርቨር ማስገባት ይችላል። ሌላው ቅሬታ የግል ምስጢር ነው፤ ሰነዴ ሰርቨር ላይ ከሆነ የአይቲው ሰው ያነበዋል የሚል። ስጋቱ መሠረት አለው። ሆኖም ኮምፒውተሩ ዶሜይን ውስጥ ሲገባ የዶሜይን አስተዳዳሪዎች የዚያ ኮምፒውተርም አስተዳዳሪ ስለሚሆኑ፣ ሰነዱን ሎካል ፕሮፋይል ውስጥ ማቆየት ከእነሱ አይሰውረውም። አራት አምስት ኮምፒውተር ላለው ቢሮ ዶሜይን ላያስፈልገው ይችላል፤ የዊንዶውስ ሆም እትምም ዶሜይን ውስጥ አይገባም። እዚያም ቢሆን ሰነዱ ሌላ ቦታ ባክአፕ ሊኖረው ይገባል።

ሰነዶቹ አንዴ ከወጡ ማጽዳቱ ቀላል ነው። ፕሮፋይልን ማጥፋት ያለበት ሰው በሲስተም ፕሮፐርቲስ ውስጥ ባለው የዩዘር ፕሮፋይልስ መስኮት ያጥፋው፤ ፎልደሩም ምዝገባውም አብረው ይሄዳሉ። ብዙ ሰው በሚፈራረቅባቸው የትምህርት ቤትና የላይብረሪ ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ፣ የዶሜይኑ ቅንብር በሚታዘዝበት በግሩፕ ፖሊሲ አማካይነት፣ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ ከተወሰነ ቀን በላይ ያልተነኩ ፕሮፋይሎችን ራሱ እንዲያጠፋ ማዘዝ ይቻላል። ትእዛዙ ሰነድ ይኑርበት አይኑርበት አይጠይቅም፤ ስለዚህ ሪዳይሬክሽኑ መሥራቱ ሳይረጋገጥ አይብራ።