የመኪናዎ የሰርቪስ መርሐ ግብር በማን እጅ ነው?

በከተማችን ጋራዦች አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ፡፡ «ዘይት በ5 ሺሕ፣ ሌላው ሲበላሽ» የሚል ነው፡፡ ሕጉን ማን እንዳወጣው፣ ለየትኛው ሞተር እንዳወጣው የሚጠይቅ ብዙ ሰው የለም፡፡ ዘይት ሲቀየር ቀጣዩ ኪሎ ሜትር በትንሽ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ባለመኪናውም አደራውን ለወረቀቷ ሰጥቶ ይሄዳል፡፡ ስለ ፍሬን ዘይት፣ ስለ ራዲያተር ፈሳሽ፣ ስለ ካንዴላ ግን ወረቀቷ ምንም አትልም፡፡

ያልተጻፈ ሕግ የሚነግሠው የተጻፈው ሲጠፋ ነው፡፡ ለመኪና የተጻፈው ሕግ አምራቹ ያወጣው የሰርቪስ መርሐ ግብር ነው፡፡ የትኛው ዕቃ በስንት ኪሎ ሜትር ወይም በስንት ወር እንደሚታይና እንደሚቀየር ይዘረዝራል፡፡ ይህ ሰነድ ከሌለ ባለመኪናው ተከራካሪ ሳይሆን ተፈራጅ ነው፤ ጋራዡ ያለውን ይከፍላል፡፡ ሰነዱ ካለ ግን ቀላሉን ሥራ ራሱ ይሠራል፣ ከባዱንም ለባለሙያ ሲሰጥ ምን እንደሚያሠራ ያውቃል፡፡

አንድ ምሳሌ ላቅርብ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከተሠሩት ኮሮላዎች ብዙዎቹ የታይሚንግ ቺንጊያ አላቸው፤ ቺንጊያው በ100 ሺሕ ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየር ይኖርበታል፡፡ የቪትስ ሞተር ግን በቺንጊያ ፋንታ የብረት ሰንሰለት ስላለው እንዲህ ያለ ቀጠሮ የለውም፡፡ የቪትስ ባለቤት «ቺንጊያ ይቀየር» ሲባል ከከፈለ የከፈለው ለሌለ ዕቃ ነው፡፡ ቺንጊያ ያለው መኪና ባለቤት ቀጠሮውን ከዘለለ ደግሞ ቺንጊያው በመንገድ ላይ ሊበጠስ ይችላል፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ወጪውም የሞተር እድሳት ይሆናል፡፡

ታዲያ መርሐ ግብሩ ከየት ይገኛል? መጀመሪያ መኪናዎን ይለዩ፡፡ ሊብሬው ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር አለ፡፡ የሞተሩን ክዳን ከፍተው ወይም የበሩን ምሰሶ አይተው የፋብሪካውን ታርጋ ያንብቡ፤ የሞዴሉ መለያ እዚያ ላይ ተመትቷል፡፡ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ፡፡ ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠራ መኪና የሻንሲ ቁጥሩ እንደ አውሮፓና አሜሪካ መኪና 17 ፊደልና አሃዝ የለውም፡፡ ስለዚህ 17 በሚጠይቅ የኢንተርኔት መፈለጊያ ላይ ቢያስገቡት አይቀበልም፤ በሞዴሉ መለያና በተሠራበት ዓመት መፈለግ ያስፈልጋል፡፡

ቀጥሎ ሰነዱን ይፈልጉ፡፡ ታላላቅ አምራቾች የመኪኖቻቸውን መመሪያ በድረ ገጾቻቸው ላይ ያለክፍያ ያወጣሉ፡፡ ሆኖም መመሪያውን ካገኙ በኋላ መርሐ ግብሩ ውስጡ ከሌለ አይገረሙ፡፡ በጃፓንም በአሜሪካም የሰርቪስ ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ የሚታተመው ራሱን በቻለ ሌላ ደብተር ነው፡፡ በጃፓንኛ ከሆነ የስልክዎ ካሜራ ይተረጉምልዎታል፡፡ ሌላው መንገድ የመኪናውን ወንድም መፈለግ ነው፡፡ ቪትስ በአውሮፓ ያሪስ ተብሎ ተሽጧል፤ የእንግሊዝኛው ሰነድ ሊያገለግል የሚችለው ግን የሞተሩ መለያ አንድ ሲሆን ብቻ ነው፡፡ የአሜሪካው በማይል እንደሚቆጥርም አይርሱ፤ 10 ሺሕ ማይል 16 ሺሕ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፡፡

አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ ደግሞ የተወሰነ ኪሎ ሜትር ተጽፎ አያገኙም፡፡ ኮምፒዩተሩ የአነዳድዎን ሁኔታ አስልቶ የሰርቪሱን ጊዜ በዳሽቦርዱ ላይ በመለያ ምልክት ያሳያል፤ መመሪያው የሚነግርዎ የምልክቱን ትርጉም ነው፡፡

ሰነዱ ከተገኘ በኋላ ዋናው ነገር የሚነበበው ዓምድ ነው፡፡ መርሐ ግብር አብዛኛውን ጊዜ ለመደበኛና ለከባድ አጠቃቀም ተከፍሎ ይቀመጣል፡፡ ቶዮታ በጃፓን ተርቦ ለሌለው የቤንዚን ሞተር የሚሰጠው መደበኛ የዘይት ቀጠሮ 15 ሺሕ ኪሎ ሜትር ወይም 1 ዓመት ሲሆን፣ ለከባድ አጠቃቀም ግማሹ፣ ማለትም 7,500 ኪሎ ሜትር ወይም 6 ወር ነው፡፡ ከባድ የሚባለውም አስፋልት ያልለበሰ መንገድ፣ ዳገትና ቁልቁለት፣ የአጭር ርቀት ምልልስ፣ ሞተር ሳይጠፋ ብዙ መቆም ነው፡፡ ከሜክሲኮ ወደ መገናኛ በሥራ መውጫ ሰዓት የነዳ ሰው የትኛው ዓምድ የእሱ እንደሆነ አያጣውም፡፡

«ወይም» የምትለዋን ቃልም ልብ ይበሉ፡፡ ቀድሞ የደረሰው ይገዛል ማለት ነው፡፡ በዓመት 4 ሺሕ ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ መኪና ዘይቱ በጊዜ ብዛት ያረጃል፡፡ የፍሬን ዘይትማ እርጥበት ስለሚስብ ብዙ አምራቾች በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ እንዲቀየር ያዛሉ፡፡ እርጥበት የገባበት የፍሬን ዘይት ፍሬኑ ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉም ወደ ታች ይሰጥማል፡፡ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርዱ ይህ የገንዘብ ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የሕይወት ይሆናል፡፡ ስለዚህ ዘይት፣ የአየር ፊልትሮና ካንዴላ ራስዎ ይቀይሩ፤ ፍሬኑን ግን ለባለሙያ ይስጡ፡፡ ሁሉንም ከነደረሰኙ በደብተር ይመዝግቡ፤ ዋስትና ያለው መኪና ከሆነ ያለ ማስረጃ መከራከር አይቻልም፡፡

ይህን ሁሉ ድካም ሌሎች አገሮች በሕግ አቅልለውታል፡፡ በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ አምራቾች የጥገና መረጃን ለገለልተኛ ጋራዦችም ክፍት እንዲያደርጉ ያስገድዳል፡፡ በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል፡፡ በእኔ አመለካከት ገዥው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ በቂ መረጃ ሊባል አይችልም፡፡

ጉዳዩ አሁን ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል፡፡ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት የቤንዚን መኪኖች ረዥም ዕድሜ እንዲኖሩ ይጠበቃል፡፡ የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ እንደ ፎልክስዋገን አይዲ 6 ለቻይና ገበያ የተሠሩ፣ ሰነዳቸውም በቻይንኛ የሆነ ብዙ ናቸው፡፡ የሞተር ዘይት ባይኖራቸውም የፍሬን ዘይት፣ የባትሪ ማቀዝቀዣ ፈሳሽና የአየር ማጣሪያ አላቸው፤ እነዚህም ቀጠሮ አላቸው፡፡

ስለዚህ መኪና ሲገዙ ከቁልፉና ከሊብሬው ጋር መርሐ ግብሩን በሚያነቡት ቋንቋ ይጠይቁ፡፡ የሚጠየቀውም ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ነው፤ ከተከፈለ በኋላ የሚሰማዎት አያገኙም፡፡