ጎፈር ኤሊ እና የትሬይል ሪጅ አሸዋ

በአሜሪካ ከደቡብ ምሥራቅ ጆርጂያ ተነሥቶ ወደ ፍሎሪዳ የሚዘልቅ፣ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዝቅተኛ የአሸዋ ኮረብታ አለ። ትሬይል ሪጅ ይባላል። የባሕሩ ዳርቻ ዛሬ ካለበት ወደ ውስጥ ገብቶ በነበረበት ዘመን ማዕበልና ነፋስ የከመሩት ነው። አሁን በፓይን ደን ተሸፍኗል። ከምዕራቡ በኩል የኦኬፈኖኪ ረግረግ ተንጣሏል። በዚህ አሸዋ ሁለት ፈላጊዎች ተገናኝተውበታል፤ አንዱ ማዕድን አውጪ ኩባንያ፣ ሌላው በጀርባው ድንጋይ የመሰለ ልብስ የተሸከመ ቆፋሪ ኤሊ።

ጎፈር ኤሊ የየብስ ኤሊ ነው፤ ዋና እምብዛም አይችልም። የአዋቂው ጀርባ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ክብደቱም 4 ኪሎ ያህል ነው። የፊት እግሮቹ እንደ አካፋ ጠፍጣፋ ናቸው፤ አሸዋውን የሚዝቀው በእነሱ ነው። ሣር፣ ቅጠላ ቅጠልና የቁልቋል ፍሬ ይበላል። ዕድሜው ከ60 ዓመት ሊያልፍ ይችላል፤ ለመራባት ግን አይቸኩልም። ጆርጂያ ውስጥ ሴቷ እንቁላል ለመጣል ከ15 ዓመት በላይ ልትጠብቅ ትችላለች። ስትጥልም በዓመት አንዴ፣ ስድስት ያህል እንቁላል ነው። ከእነዚያም አብዛኞቹን አውሬና ጉንዳን ይበሏቸዋል። ስለዚህ የአንድ አዋቂ ኤሊ ሞት በቀላሉ የማይተካ ጉዳት ነው።

ጉድጓዱን ቀረብ ብሎ ላየው አሠራሩ ያስደንቃል። አፉ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ አለው፤ ወለሉ ለጥ ያለ፣ ጣሪያው ጎበጥ ያለ። ስፋቱ ከኤሊው ርዝመት ጋር የተመጣጠነ በመሆኑ ባለቤቱ በፈለገው ቦታ ዞሮ መውጣት ይችላል። ብዙውን ጊዜ ወደ 4.5 ሜትር ይረዝማል፣ 2 ሜትር ያህልም ወደ ታች ይወርዳል፤ ከ12 ሜትር የሚበልጥም ተገኝቷል። በደጃፉ የተቆለለውን አሸዋ ፀሐይ ስለሚያሞቀው ሴቷ ብዙ ጊዜ እንቁላሏን የምትቀብረው እዚያው ነው። ጫጩቱ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነውም እንደ አሸዋው ሙቀት ነው።

ውስጡ በክረምት አይቀዘቅዝም፣ በበጋ አይግልም፤ እርጥበትም ይይዛል። በዚህ የተነሣ ከ350 የሚበልጡ የእንስሳት ዓይነቶች ይጠለሉበታል፤ እንቁራሪቱ፣ አይጡ፣ እንሽላሊቱ፣ ፌንጣውና ጥንዚዛው ሁሉ የኤሊው የእግዜር እንግዳ ነው። ኢንዲጎ የሚባለው ጥቁር ሰማያዊ እባብ ዋነኛው እንግዳ ነው። እስከ 2.5 ሜትር የሚደርስ፣ መርዝ የሌለው፣ ይልቁንም መርዛሞቹን እባቦች እያደነ የሚበላ ነው። የጆርጂያን ክረምት የሚያሳልፈው በአብዛኛው በኤሊ ጉድጓድ ነው። ከ1978 ጀምሮ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የመጥፋት ሥጋት ካለባቸው እንስሳት መካከል ተመዝግቧል። ኤሊው ከአካባቢው ከጠፋ ጉድጓዱ ይደረመሳል፤ እባቡም መጠጊያ ያጣል።

ኤሊውና እንግዶቹ የለመዱት ደን ሎንግሊፍ ፓይን የሚበቅልበት ነው። ዛፎቹ ተራርቀው ይቆማሉ፣ ፀሐይ እስከ መሬት ትደርሳለች፣ ከሥር ሣር ይለመልማል። ይህን ደን ያቆየው እሳት ነው። በየጥቂት ዓመቱ በመብረቅ ወይም በሰው እጅ የሚነሣው ዝቅተኛ ቃጠሎ ቁጥቋጦውን ያጸዳል፤ ፓይኑ ወፍራም ልጡ ይጠብቀዋል፣ ኤሊውም ጉድጓዱ ገብቶ ያሳልፈዋል። እሳት ከቀረ ቁጥቋጦው ሣሩን ያፍነዋል፤ ያኔ ኤሊው የሚበላው አጥቶ አገር ለቆ ይሄዳል። ሎንግሊፍ ፓይን በአንድ ወቅት 36 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ይሸፍን ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቀረው 1.3 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በተከላ ቀስ በቀስ እያገገመ ነው።

ማዕድን አውጪው የሚፈልገው ደግሞ አሸዋው ውስጥ የተቀላቀሉትን ከባድ ማዕድናት፣ በተለይ ታይታኒየም ያለባቸውን ነው። ከእነሱ ለቀለም፣ ለፕላስቲክ፣ ለወረቀትና ለጥርስ ሳሙና ንጣት የሚሰጠው ዱቄት ይሠራል። ዱፖንት የተባለው ኩባንያ በ1990ዎቹ በኦኬፈኖኪ አጠገብ ሊቆፍር ዐቅዶ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው፤ ዕቅዱንም ተወ። በ2019 ትዊን ፓይንስ ሚኒራልስ የተባለ የአላባማ ኩባንያ አዲስ ዕቅድ ይዞ መጣ። ለመጀመሪያው ምዕራፍ ያቀረበው ቦታ 235 ሄክታር ያህል ሲሆን ቁፋሮው እስከ 15 ሜትር እንዲወርድ ታቅዶ ነበር። ኩባንያው ማዕድኑን ለይቶ አሸዋውን ወደ ጉድጓዱ እንደሚመልስ፣ ረግረጉም እንደማይጎዳ ይናገር ነበር።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የትሬይል ሪጅ አሸዋ በንብርብር የተቀመጠ ነው፤ አንዳንዱ ንብርብር ውሃ ያሳልፋል፣ አንዳንዱ ያዘገያል። ኮረብታው በአንድ ወገን የኦኬፈኖኪን ውሃ ገድቦ የያዘው በዚህ አቀማመጡ ነው። ተቆፍሮ፣ ታጥቦ፣ ተደባልቆ የተመለሰ አሸዋ በመጠን ያው ቢሆንም አቀማመጡ ያው አይደለም። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲው የውሃ ሳይንቲስት ሬት ጃክሰንም ለማዕድኑ የሚሳበው ውሃ ከረግረጉ በሚነሣው የሴንት ሜሪስ ወንዝ መነሻ ላይ ድርቅን እንደሚያበዛ አስጠንቅቀዋል። በ1937 የተከለለው የኦኬፈኖኪ የዱር እንስሳት መጠለያ ከ160 ሺህ ሄክታር ይሰፋል፤ የጥቁር ድብና የአሊጌተር አገር፣ የሱዋኒ ወንዝም ምንጭ ነው። ረግረጉ ሲደርቅ ከሥሩ የተከማቸው የበሰበሰ ዕፅዋት ይቀጣጠላል። ያ እሳት ፓይኑን እንደሚያጸዳው ዝቅተኛ ቃጠሎ አይደለም፤ መሬቱን ራሱን ለወራት ይበላል።

ኤሊዎቹን አንሥቶ ሌላ ቦታ ማስፈር ይቻላል፤ በጆርጂያም በፍሎሪዳም ይሠራበታል። ጎፈር ኤሊ ግን ወደ ቀድሞ ቤቱ ለመመለስ ስለሚሞክር አዲሱን ቦታ እስኪለምድ ለወራት ታጥሮ ይቆያል። ጉድጓዱ፣ ሣሩና በውስጡ የተጠለለው ሕይወት ሁሉ ግን አብሮት አይጓዝም። የማዕድን ጥናት «ስንት ኤሊ ተነሣ» ብሎ ሲቆጥር እነዚህ ከሒሳቡ ውጭ ይቀራሉ።

የትሬይል ሪጁ ሙግት በ2025 አጋማሽ አቅጣጫው ተቀየረ። ኮንሰርቬሽን ፈንድ የተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት የትዊን ፓይንስን 3 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት በ60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ። ትልቅ ድል ነው፤ ዋጋው ግን ትምህርት ይሁነን። የአንድ ኮረብታን አሸዋ ባለበት ለማቆየት ይህን ያህል ገንዘብ ማሰባሰብ ሁልጊዜ አይሳካም። ስለዚህ ማንኛውም የማዕድን ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ከእንስሳቱ ቁጥር ጋር የአፈሩ አቀማመጥ፣ የውሃው መንገድና የጉድጓዱ ነዋሪዎች ሁሉ ሊጠኑ ይገባል። ያን ጊዜ የሚከፈለው የጥናት ወጪ ነው፤ ከተቆፈረ በኋላ ግን የትኛውም ገንዘብ ንብርብሩን እንደነበረ አይመልሰውም።