ወደ ደጀ ሰላም የሚወስደው የእግረኛ መንገድ

የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መጻጉዕ ይባላል። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን በዚህ ዕለት በመጠመቂያው አጠገብ ተኝቶ የነበረውን፣ 38 ዓመት በደዌ የኖረውን ሰው ታስባለች (ዮሐ. 5፥1-9)። ጌታችን መዳን ይወድ እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ ሰውየው የተናገረው ስለ ሕመሙ ጽናት አልነበረም፤ ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደው ሰው እንደሌለውና እርሱ ሲመጣ ሌላው እንደሚቀድመው ነበር። ከመጠመቂያው ዳር እስከ ውኃው ጥቂት ርምጃ ነው። ለእርሱ ግን ያ ጥቂት ርምጃ የማይሻገሩት ባሕር ሆኖበት ነበር።

ይህን ወንጌል በየዓመቱ እንሰማለን። በዚያው ዕለት ከታክሲ መውረጃው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ያለውን ጥቂት ርምጃ ግን ልብ የምንለው ጥቂቶች ነን።

አንድ ዓይነ ሥውር ምእመን ወር በገባ በ21 ቀን ለእመቤታችን በዓል ማለዳ ወጣ እንበል። መንገዱን ያውቀዋል፤ በነጭ በትሩ የግንቡን ጥግና የጠርዙን ድንጋይ እየዳሰሰ ሲመላለስበት ኖሯል። በበዓል ቀን ግን ያ የሚያውቀው መንገድ የለም። ጧፍና ዕጣን፣ ነጠላና መጽሐፍ የሚሸጡ ወገኖች በግንቡ ሥር ተደርድረዋል። ከእነርሱ ቀጥሎ ለማስቀደስ የመጡ ሰዎች መኪናቸውን ግማሽ ጎኑን በእግረኛው መንገድ ላይ አውጥተው አቁመዋል። በትሩ ሸራውን ሲነካ ሰው ይቆጣል፤ ወደ ግራ ሲል የመኪና ጎማ ያገኛል፤ የቀረለት አስፋልቱ ብቻ ነው።

ነጭ በትር የሚናገረው ስለ መሬት ነው። ጉድጓዱን፣ ደረጃውን፣ የምሰሶውን ሥር ያሳውቃል። ከወገብ በላይ ያለውን ግን አያውቅም። ስለዚህ የሻጭ ጃንጥላ ጫፍ፣ በሁለት ምሰሶ መካከል የተወጠረ የሸራ ገመድ፣ ከቆመ የጭነት መኪና ኋላ ያለፈ ብረት ፊቱን እስኪመታው ድረስ ለእርሱ የሉም። የኀዘን ወይም የሠርግ ድንኳን ስንተክል ገመዱን በእግረኛው መንገድ ላይ በካስማ የምንወጥረው ይህን ሳናስብ ነው። መስማት የተሳነው ወገናችንም ወደ አስፋልቱ ሲገፋ ከኋላው የሚመጣውን ጥሩንባ አይሰማም።

በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ምእመን ችግሩ ሌላ ነው፤ እርሱ ዕንቅፋቱን ያያል፣ ሊሻገረው ግን አይችልም። አንድ ወንበር ያለ ጭንቀት እንዲያልፍ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያስፈልጋል፤ ሁለት ወንበሮች እንዲተላለፉ ደግሞ 1 ሜትር ከ80። 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የመንገድ ጠርዝ ለጤነኛ እግር ምንም አይደለም። ለወንበሩ ግን ግድግዳ ነው። በብዙ አገሮች መለኪያ ለአንድ እጅ ከፍታ 12 እጅ ርዝመት ያለው ተዳፋት ይሠራል፤ ለዚያች 15 ሴንቲ ሜትር 1 ሜትር ከ80 የሚረዝም ማለት ነው። በየበሩ የምናያቸው አጫጭርና ቀጥ ያሉ የሲሚንቶ መወጣጫዎች ለመኪና የተሠሩ ናቸውና ወንበሩን ወደ ኋላ ይገለብጡታል።

በአዳዲስ የእግረኛ መንገዶች ላይ የሚታየውን ቢጫ ንጣፍ ብዙዎች ጌጥ ያደርጉታል። ጌጥ አይደለም። በእ.ኤ.አ. 1965 ሴይቺ ሚያኬ የተባለ ጃፓናዊ የሠራው፣ በ1967 ኦካያማ በተባለችው ከተማ በዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት አጠገብ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጠፈ፣ በእግርና በበትር የሚነበብ ጽሑፍ ነው ቢባል ይቀላል። ረጃጅም መስመሮቹ ቀጥል ይላሉ፤ ክብ ክብ እብጠቶቹ ቁም፣ ከፊትህ መሻገሪያ ወይም ደረጃ አለ ይላሉ። በዚህ ንጣፍ ላይ ሞተር ብስክሌት ማቆም ወይም የአሸዋ ክምር ማፍሰስ በሚነበብ መጽሐፍ ላይ ቀለም እንደ መድፋት ነው።

ሕጉ አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። ኢትዮጵያም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላ አጽድቃለች። ይሁን እንጂ የሕንፃ በር የቱንም ያህል ቢመች እስከ በሩ የሚያደርሰው መንገድ ከተዘጋ ጥቅሙ ለማን ነው?

መጽሐፍ ቅዱስ በዕውር ፊት ዕንቅፋት ማኖርን ይከለክላል (ዘሌ. 19፥14)፤ ዕውርን ከመንገድ የሚያስተውንም ይረግማል (ዘዳ. 27፥18)። ይህን ብዙ ጊዜ ስለ ነፍስ መሰናክል ሲሰበክ እንሰማለን፤ መልካም ነው። ቃሉ ግን አስቀድሞ ስለ እግርና ስለ መንገድም የተነገረ ነው። ትእዛዙ እግዚአብሔርን በመፍራት መደምደሙም ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ዕንቅፋቱን ማን እንዳኖረው የተሰናከለው አያይም፤ የሚያይ ግን አለ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳይነገር ማለፍ አይገባም። አካል ጉዳተኛ ወገናችንን በቤተ ክርስቲያን በር ማየት የለመድነው ምጽዋት ተቀባይ አድርገን ነው። ሳንቲም እንሰጠዋለን፤ ቅዳሴ ሊያስቀድስ፣ ሥጋወ ደሙን ሊቀበል የመጣ መሆኑ ግን አይታሰበንም። መልካም በተባለው የመቅደስ በር የነበረው ሰው በየቀኑ እየተሸከሙ የሚያስቀምጡት ነበሩት (ሐዋ. 3፥1-8)፤ ከተፈወሰ በኋላ ያደረገው ግን ከሐዋርያት ጋር ወደ ውስጥ መግባት ነበር። ዜማውንና ቅኔውን በቃላቸው ይዘው ያስተማሩ ዓይነ ሥውራን መምህራንም በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን እንግዳ አይደሉም።

ሻጮቹን በማባረር ይህ ነገር ይፈታል የሚል ካለ ተሳስቷል፤ እነርሱም የዕለት እንጀራቸውን ፍለጋ የመጡ ናቸው። ሰበካ ጉባኤው ከአካባቢው አስተዳደር ጋር ተነጋግሮ በመንገዱ አንድ ወገን ብቻ ወይም በቅጥሩ ውጫዊ ክፍል ቦታ ቢለይላቸው፣ ሌላው ወገን ነፃ ይሆናል። የመኪናው ጉዳይ ግን በእጃችን ነው፤ 200 ሜትር ርቆ አቁሞ በእግር መምጣት ለጤነኛ ሰው ምን ይከብደዋል? ስንረዳም ጠይቀን እንርዳ። ዓይነ ሥውሩን ክንዱን ይዘን ከመጎተት ይልቅ እርሱ ክርናችንን ይዞ ከኋላችን ቢከተል ርምጃችንን ያነብባል። የሰውን ተሽከርካሪ ወንበርም ሳያስፈቅዱ መግፋት አይገባም።

በጥምቀት ታቦታቱ የሚያልፉበትን መንገድ የሚጠርጉና ምንጣፍ የሚያነጥፉ ወጣቶችን ሁላችንም እናውቃለን። እነዚሁ ወጣቶች በወርኃዊው በዓል ዋዜማ ከአንድ ዓይነ ሥውርና ከአንድ በተሽከርካሪ ወንበር ከሚሄድ የአጥቢያው ምእመን ጋር ከታክሲ መውረጃው እስከ ዓውደ ምሕረቱ መንገዱን አብረው ቢሄዱት፣ የትኛው ድንጋይ እንደሚነሣ፣ የትኛው ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ጉድጓድ እንደሚከደን ይነግሯቸዋል። በማግሥቱ በበዓሉ ሰዓት ደግመው ይሂዱት፤ መንገዱ ሌላ ሆኖ ይጠብቃቸዋልና።