ተንፍስ የሚለው አሲድ

ውሃ ውስጥ ረጅም ርቀት መሄድ የሚፈልግ ዋናተኛ አንዳንዴ ከመጥለቁ በፊት ደጋግሞ በኃይል ይተነፍሳል። ኦክስጅን ያጠራቀመ ይመስለዋል። ደሙ ግን ቀድሞውንም በኦክስጅን የተሞላ ስለሆነ የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ ይልቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አራግፎ ያወጣል። ከጠለቀ በኋላ «ውጣ፣ ተንፍስ» የሚለው ጭንቀት በሰዓቱ አይመጣበትም፤ ኦክስጅኑ ሲያልቅ ያለ ማስጠንቀቂያ ራሱን ይስታል። ጎበዝ ዋናተኞች እንዲህ ሞተዋል። የአየር ጥማት ከኦክስጅን እጥረት ይመጣል የሚለው እምነት ሰው ይገድላልና ነገሩን አጥርቶ ማወቅ ይገባል።

ጥማቱን በዋናነት የሚቀሰቅሰው አሲድ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም ሃይድሮጅን አዮን ይለቃል። የብሪታንያ ሳይንቲስቶቹ ሃልዴን እና ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. በ1905 ባሳተሙት ጥናት፣ በሳንባ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ በትንሹ ከፍ ሲል የሚተነፈሰው አየር በእጥፍ እንደሚጨምር አሳዩ። የደማችን ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ የሚቆየው በአንድ በኩል በዚህ ንቃት ነው።

ታዲያ አሲዱን የሚያውቀው ማን ነው? ደምንና አንጎልን የሚለየው ግድግዳ ሃይድሮጅን አዮንን በቀላሉ አያሳልፍም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ያለ ችግር ያልፋል። አንጎልን የከበበው ፈሳሽ ደግሞ ፕሮቲን የለውም ማለት ስለሚቻል አሲድን ለማርገብ አቅሙ አነስተኛ ነው። ስለዚህ በደም ውስጥ የተነሳ ትንሽ ለውጥ እዚያ ቶሎ ይታወቃል። ከአንጎል ግንድ ታችኛው ክፍል፣ ከሜዱላ፣ የፊት ገጽ አጠገብ ሬትሮትራፔዞይድ ኒውክሊየስ የሚባል ትንሽ የነርቭ ሕዋሳት ስብስብ አለ። በአይጥ ላይ ሲቆጠሩ ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። ይህን ያህል ሥራ በዚህ ቁጥር መሠራቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

አሠራራቸው ግልጽ ነው። በሕዋሱ ሽፋን ላይ ታስክ-2 የተባለ ቀዳዳ አለ፤ ፖታስየም በእርሱ በኩል ወደ ውጭ ሲፈስ ሕዋሱ ዝም ይላል። አሲድ ሲበዛ ቀዳዳው ይዘጋል፣ ሕዋሱም ይነሳሳል። ጂፒአር4 የተባለ ሌላ ተቀባይም ሃይድሮጅን አዮንን በቀጥታ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት ሁለቱም የጠፉባቸው አይጦች ካርቦን ዳይኦክሳይድ በበዛበት አየር ውስጥ ሲገቡ ትንፋሻቸውን እምብዛም አልጨመሩም። የተነሳሱት ሕዋሳት መልእክታቸውን የትንፋሽን ምት ወደሚያወጡት ሕዋሳት ይልካሉ፤ ከዚያ ድያፍራሙ ይታዘዛል። በአንጎል ግንድ ውስጥ አሲድን የሚለዩ ሌሎች ሕዋሳትም አሉ፤ የየራሳቸው ድርሻ ስንት እንደሆነ ተመራማሪዎች እስካሁን ይከራከራሉ። የኦክስጅንን ማነስ የሚከታተሉት ደግሞ አንገት ላይ፣ በዋናው የደም ሥር መከፋፈያ ያሉት ትንንሽ አካላት ናቸው።

የእነዚህ ሕዋሳት ዋጋ በግልጽ የሚታየው ግን ሲጎድሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ፎክስ2ቢ የተባለ ዘረ-መል ጉድለት፣ ሲወለዱ ጀምሮ ትንፋሻቸው በእንቅልፍ የሚደክምባቸው ሕፃናት በሽታ መንስኤ መሆኑን አረጋገጡ። ይኸው ጉድለት እንዲኖራቸው የተደረጉ አይጦች ሲመረመሩ ከላይ ያነሳናቸው የሬትሮትራፔዞይድ ሕዋሳት ጠፍተው ተገኙ። ብዙዎቹ ልጆች ነቅተው ሳሉ ይተነፍሳሉ፤ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ግን ትንፋሹ እጅግ ይቀንሳል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ቢከማችም አያነቃቸውም። ስለዚህ ቢያንስ በእንቅልፍ ጊዜ በመተንፈሻ መሣሪያ መታገዝ አለባቸው፤ ይህም የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነው። በዚህ ሁሉ መሀል ለወላጅ ከባዱ፣ ልጁ ሳንባ ምች ቢይዘው እንኳ እንደ ሌላው ሕፃን ቁና ቁና አለመተንፈሱ ነው። መልኩ ሰላማዊ ይመስላል። እናትና አባት የሚያምኑት በልጁ ጣት ላይ የሚታሰረውን የኦክስጅን መለኪያና ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚያሳየውን መሣሪያ ነው።