የኮርቬቱ ሞተር የራሱ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1967 ሸቭሮሌት በሚዙሪ ግዛት፣ ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ፋብሪካው 22,940 ኮርቬቶች ሠርቷል። ዛሬ ከእነዚያ አንዱ ለሽያጭ ሲቀርብ፣ ነገሩ የገባው ገዢ ከቀለሙ በፊት የሚጠይቀው፣ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ሞተር አሁንም እዚያው መሆኑን ነው። መልሱ ዋጋውን ክፉኛ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። የሚዋሽም አይጠፋም።

የእኛ ሊብሬ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር አብሮ ስለሚይዝ ጉዳዩ ቀላል ሊመስለን ይችላል። የያኔው ኮርቬት የሻንሲ ቁጥር ግን የትኛው ሞተር እንደተገጠመለት አይናገርም። 194677ኤስ ብሎ ከጀመረ፣ መኪናው ጣሪያው የሚከፈት የ1967 ሞዴልና የሴንት ሉዊስ ምርት መሆኑን ያሳውቃል፤ በቃ። የሞተር ዓይነት ቁጥሩ ውስጥ የገባው በ1972 ሞዴል ነው። የድሮ ጃጓር ያለው ሰው መጀመሪያ የተገጠመውን የሞተር ቁጥር የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ከኩባንያው ቅርስ ጠባቂ ተቋም ማውጣት ይችላል። የኮርቬት ባለቤት በአብዛኛው ብረቱን ራሱን ነው የሚጠይቀው።

መጀመሪያ የሚታየው በሞኖብሎኩ ኋላ፣ ካምቢዮው በሚጋጠምበት በኩል፣ ብረቱ ሲቀልጥ ከሻጋታው ጎልቶ የወጣው ቁጥር ነው። በ1967ቱ ባለ 427 ኪዩቢክ ኢንች (7 ሊትር) ሞተር ብዙውን ጊዜ 3904351 ይነበባል። ብሎኩ የፈሰሰበት ቀንም እንዲሁ ጎልቶ ተጽፏል፤ ወሩ በፊደል ነው፣ ኤ ጥር፣ ቢ የካቲት እያለ። ይህ ግን የብሎኩን ዘር እንጂ የማን መኪና እንደሆነ አይናገርም።

ትልቁ ጉዳይ ያለው ከፊት፣ በተሳፋሪው በኩል፣ ከቴስታታው አፍንጫ ሥር ባለች ጠባብ ልስልስ ቦታ ላይ ነው። እዚያ ሁለት ነገር ተመትቷል። አንዱ በሞተር ፋብሪካው የተመታው ነው። ቲ0315ጄኢ ቢል፣ ቲ በኒው ዮርክ ግዛት ያለው የቶናዋንዳ ፋብሪካ፣ 0315 መጋቢት 15፣ ጄኢ ደግሞ 435 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነው። ሌላው የመኪናው ተከታታይ ቁጥር ሲሆን የተመታው ሴንት ሉዊስ ነው። ሁለቱ በተለያየ ከተማ፣ በተለያየ መሣሪያ ስለተመቱ የፊደላቸው ቅርጽና ጥልቀት አንድ አይሆንም። አንድ እጅ የመታቸው ከመሰሉ መጠርጠር ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ የበለጠ የሚናገረው ግን ቁጥሩ ያረፈበት ገጽ ነው። ፋብሪካው የብሎኩን አናት የላገው ብሮች በሚባል መላጊያ ሲሆን፣ መላጊያው ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ይተዋል። ይህች ጠባብ ቦታ ከአናቱ ጋር አብራ ስለምትላግ መስመሮቹ እሷም ላይ አሉ። አጭበርባሪ የድሮውን ቁጥር ሞርዶ አዲስ ሲመታ መስመሮቹንም ያጠፋል፤ በብርጭቆ ወረቀት አስመስሎ ሊመልሳቸው ቢሞክር አቅጣጫቸው ይዛነፋል ወይም ከመጠን በላይ ይጠራሉ። በሌላ በኩል በቅንነት የታደሰ ሞተር አናቱ ሲላግ ቁጥሩም መስመሩም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ባዶ ቦታ የግድ ሌብነት አይደለም። እንዲያውም ደምቆ ከሚያበራ ቁጥር ይልቅ እንዲህ ያለውን ባዶ ብረት አምናለሁ።

ቀኖቹም ይፋረዳሉ። ብሎኩ መጀመሪያ ይፈሳል፣ ቀጥሎ ሞተሩ ይገጣጠማል፣ መጨረሻ ላይ መኪናው ይሠራል። መኪናው በየካቲት ተሠርቶ ብሎኩ በመጋቢት ከፈሰሰ ሌላ ክርክር አያስፈልግም።

ነገሩን ሁሉ ያባባሰው ኤል88 የሚባለው ሞተር ነው። በ1967 ይህ ሞተር የተገጠመላቸው ኮርቬቶች 20 ብቻ ናቸው። ኩባንያው 430 የፈረስ ጉልበት ብሎ አስመዘገበው፤ እውነተኛው ከ500 ያልፋል። መለያው አይቲ የሚሉት ሁለት ፊደላት ናቸው። ሁለት ፊደል ለመምታት መዶሻ ይበቃል፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ገዢ በፋብሪካው ከቤንዚን ታንከሩ አናት ላይ የተለጠፈውን የትእዛዝ ወረቀትም ይጠይቃል። ወረቀቱን ለማየት ታንከሩ መውረድ አለበት፤ ልጠፋው የተጀመረው ደግሞ በ1967 ምርት መሃል ስለሆነ ከዚያ በፊት የወጡት የላቸውም። ባዶ ቅጂው እየታተመ መሸጡም አልቀረም።